ያረጀ ውሻ ሌሊት ሲጮኽ፦ በሐዋሳ ግቢዎች የማይታወቀው የመርሳት በሽታና እንክብካቤው

የሐዋሳ ውሻ በአብዛኛው የግቢ ውሻ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይፈታል፣ ሌሊቱን አጥር ለአጥር እየዞረ ያነጋል። በእርጅና ምክንያት አእምሮው መዳከም ሲጀምር ታዲያ ለውጡን ቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ የሚያውቀውም በጩኸቱ ነው። "ይሄ ውሻችሁ ምን ሆኖ ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው?" ከሚለው ጥያቄ በኋላ ከሁለት አንዱ ይከተላል። ወይ "አብዷል" ተብሎ ይገደላል፣ ወይ "አርጅቷል፣ ምን ይደረጋል" ተብሎ ሰንሰለቱ ያጥርበታል። ሁለቱም ፍርዶች የሚሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ለውጡ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። በቀናት ነው? በሳምንታት ነው? ወይስ በወራት? የዚህ በሽታ እንክብካቤ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ያረጀ ውሻ አእምሮ ውስጥ የሚሆነው ነገር በሰው ላይ ከሚታየው የአልዛይመር በሽታ ጋር በብዙ ይመሳሰላል። ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን በአንጎል ሕዋሳት መካከል ይጠራቀማል፣ የአንጎሉ የፊት ክፍል መጠኑ ይቀንሳል፣ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎችም ያንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ የመርሳት ምልክት እንዳሳዩ ዘግቧል። ድመቶችም አያመልጡም። 15 ዓመት ካለፋቸው መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ከዕድሜ ጋር የተያያዘ የባህሪ ለውጥ እንደሚያሳዩ በዘርፉ የሚሠሩ ሐኪሞች ይናገራሉ።

የግቢ ውሻ በክትባት፣ በአጥርና በመደበኛ ምግብ ዕድሜው እየረዘመ ሲሄድ ይህ በሽታ ከተማችን ውስጥ ይበልጥ መታየቱ አይቀርም። ምልክቶቹ ስድስት ያህል ዘርፎች አሏቸው። ውሻው በሚያውቀው ግቢ ውስጥ መንገድ ይጠፋበታል፤ በሩ በሚከፈትበት በኩል ትቶ በማጠፊያው በኩል ቆሞ ይጠብቃል፤ ከአሮጌ ዕቃ ጀርባ ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል። ከቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት ይለወጣል፤ ሲጠሩት የሚሮጥ የነበረው ዝም ይላል፣ ብቸኝነት ይወድ የነበረው እግር እግር ሥር ይላል። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይቅበዘበዛል፣ ይጮኻል። ለዓመታት ባልሸናበት ቦታ ይሸናል። እንቅስቃሴው ወይ ይቀንሳል ወይ ዓላማ የሌለው ዙረት ይሆናል። ፍርሃትም ይጨምርበታል፤ በተለይ ፀሐይ ስትጠልቅ።

አብዛኛው ቤተሰብ የሚነግረው አንዱን ምልክት ብቻ ነው፤ ጩኸቱን። የቀሩት አምስቱ ግን ከዚያ በፊት ወራት ቀድመው ግቢው ውስጥ ነበሩ።

መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ አለመሆኑን ማረጋገጥ

በአገራችን የባህሪ ለውጥ ያሳየ ውሻ ሁሉ አስቀድሞ በእብድ ውሻ በሽታ መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ ይህን ጥንቃቄ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ልዩነቱ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ይቸኩላል። ውሻው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ውሻ ይሆናል፤ ድምፁ ይጎረንናል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ የታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል፣ ያገኘውን ይነክሳል። በአብዛኛው በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። የመርሳት በሽታ ግን በወራት የሚሄድ ነው። ከፋሲካ በፊት የጀመረ መቅበዝበዝ እስከ መስከረም ቀስ እያለ ከጨመረና ውሻው አሁንም እየበላና እየጠጣ ከሆነ፣ ያ የእብድ ውሻ በሽታ ጠባይ አይደለም።

ለውጡ ድንገተኛ ከሆነና የክትባት ካርዱ ላይ ያለፈው አንድ ዓመት ክትባት ካልተመዘገበ፣ ውሻውን አፉን ለማየት ሳይሞክሩ አንድ ክፍል ወይም በረት ውስጥ ዘግቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። የተነከሰ ወይም ቁስሉን የተላሰ ሰው ካለ ቦታውን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ውሻው ጤናማ ቢመስልም 10 ቀን ተዘግቶ ይታያል። የሚሞት ወይም የሚገደል ከሆነ ጭንቅላቱ መመታት የለበትም፤ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነው።

የመርሳት በሽታ ያለበት ውሻም ሊነክስ ይችላል። ተኝቶ ሳለ ከኋላ ሲነኩት ይደነግጣል፣ ከፊቱ የቆመው ልጅ ማን እንደሆነ ለአፍታ ይጠፋዋል። ስለዚህ "የኛ ውሻ እርጅና ነው" ብሎ ንክሻን በቸልታ ማለፍ አይቻልም። በዚህ ዕድሜም ቢሆን ዓመታዊ ክትባቱ መቋረጥ የለበትም፤ ከጥርጣሬ ነፃ የሚያደርገውም፣ ሕይወቱን የሚያተርፍለትም ያ ካርድ ነው።

የመርሳት በሽታ የሚመስሉ ሌሎች ችግሮች

እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም "መርሳት" ተብለው ከሚተዉት ችግሮች ብዙዎቹ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ሕመም ነው። የወገብና የዳሌ መገጣጠሚያ የሚያመው ውሻ ሌሊት ቦታ እየቀያየረ ይነሳል ይተኛል፣ ሲነካ ያጉረመርማል፣ ወደ መሽኛው ቦታ መሄድ ስለሚከብደው ባለበት ይሸናል። ምልክቱ ከመርሳት በሽታ ጋር አንድ ነው። ለመለየት ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ መመልከት ነው፤ የፊት እግሮቹን አስቀድሞ ገፍቶ፣ የኋላውን ጎትቶ፣ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች አንክሶ ከሄደና ትንሽ ሲራመድ ከተፍታታ ሕመም አለ።

ሁለተኛው ዓይንና ጆሮ ነው። የማየት ፈተናው ቀላል ነው። ከደብዳቤ ፖስታ የማይከብድ ጥጥ አድቦልቡሎ ከፊቱ በግማሽ ሜትር ርቀት ላይ መጣል ነው፤ ጥጥ ድምፅም ሽታም ስለሌለው፣ ውሻው በዓይኑ ካልተከተለው አላየውም ማለት ነው። መጀመሪያ በቀን ብርሃን፣ ከዚያ በደብዛዛ ብርሃን ይደገማል። ለጆሮው ደግሞ ከጀርባው ሆኖ፣ መሬቱን ሳይረግጡና ንፋስ ሳይፈጥሩ ሳህን ማንኳኳት ነው። ጆሮው የደከመ ውሻ ራሱን ስለማይሰማ ጩኸቱ ይረዝማል።

ሦስተኛው የውኃ ጉዳይ ነው፤ ይህ በቀላሉ የሚለካ ሆኖ ሳለ ማንም አይለካውም። ጤናማ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል። 20 ኪሎ የሚመዝን የግቢ ውሻ ወደ አንድ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ጠዋት በባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ለክቶ መስጠት፣ ሌላ የውኃ ዕቃ ሁሉ ማንሳት፣ በነጋታው በዚያው ሰዓት የቀረውን መልሶ መለካት ነው። ከሁለት ሊትር በላይ የሚጠጣ ከሆነ ስኳር፣ ኩላሊት ወይም የሆርሞን ችግር ይጠረጠራል፤ ቤት ውስጥ መሽናቱም "ረስቶ" ሳይሆን ሽንቱ በዝቶበት ነው።

አራተኛው ከመድኃኒት የሚመጣ ነው። በከተማችን ለእከክና ለመዥገር ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን ውሻ መውጋት የተለመደ ነው። 1 በመቶ የሚባለው መርፌ ለ50 ኪሎ ከብት አንድ ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ የተሠራ በመሆኑ ለውሻ በዓይን ግምት ሲቀዳ በቀላሉ ይበዛል። የበዛበት ውሻ ይንገዳገዳል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ለጊዜው ሊታወርም ይችላል። ኮሊ የሚባለው ዝርያና አንዳንድ ጀርመን ሼፐርዶች ደግሞ ለሌላው ውሻ ምንም የማይል መጠን እንኳ ይጎዳቸዋል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ መርፌ ወይም የመዥገር ማጠቢያ ካለ ለሐኪሙ ቀድሞ የሚነገረው ይህ ነው።

አምስተኛው ወጥ ነው። የኛ የወጥ ትርፍራፊ አብዛኛው አካሉ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ፣ ነጭም ሆነ ቀይ፣ ቢበስልም ባይበስልም፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ውሻን ለመጉዳት ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም፣ ድመትን ለመጉዳት 5 ግራም ያህል ይበቃል። ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ድመት አንዲት ትንሽ ሽንኩርት እንኳ ትበዛባታለች። ደሙ ያነሰ ያረጀ ውሻ ይፈዛል፣ ይደክማል፣ ሲጠሩት አይነሳም። ድዱን ገልጦ ማየት ነው፤ ከሮዝነት ወደ ነጭነት ወይም ወደ ቢጫነት ከሄደ በሽታው ከደሙ ነው።

ለሐዋሳ ድመቶች አንድ ተጨማሪ አለ። አንዳንድ የዓሣ ዓይነቶች ጥሬያቸውን ሲበሉ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር ይይዛሉ። በጥሬ የዓሣ ሆድ ዕቃ ብቻ የምትኖር ድመት አንገቷን ወደ ታች ትሰብራለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ግራ የተጋባች ትመስላለች። መቀቀል ችግሩን ያጠፋዋል፤ ምልክቱ የታየባት ድመት ግን ቫይታሚኑን በመርፌ ማግኘት አለባት።

በመጨረሻ፣ ውሻው በአንድ ቀን አንገቱን ወደ አንድ ጎን አጣሞ፣ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ እየተወራጨ መውደቅ ከጀመረ፣ ይህ የሚዛን መጠበቂያ አካል ችግር ነው እንጂ መርሳት አይደለም። አስፈሪ ይመስላል፤ ያረጁ ውሾች ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ውሻን ማስገደል መቸኮል ነው።

መዝገብ፣ ከዚያ ሐኪም

የእንስሳት ሐኪሞቻችን ሥልጠናና ሥራ በአብዛኛው በከብት፣ በበግና በዶሮ ላይ ያተኮረ ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር መሆኑ ለከተማዋ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሆኖም ያረጀ ውሻን ባህሪ በአንድ ቀጠሮ ማወቅ የሚችል ሐኪም የትም የለም። ክሊኒክ ሲደርስ ፈርቶ ጸጥ ይላልና። ስለዚህ ባለቤቱ ይዞ የሚሄደው ማስረጃ ወሳኝ ነው። ስድስቱን የምልክት ዘርፎች በደብተር ላይ ጽፎ በየሳምንቱ በአንድ ቀን ከ0 እስከ 3 ነጥብ መስጠት ነው፦ 0 የለም፣ 1 አልፎ አልፎ፣ 2 በሳምንት ብዙ ጊዜ፣ 3 በየቀኑ። ከዚህ ጋር ሌሊት በስልክ የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ፣ የውኃው ልክና የክብደቱ መዝገብ ይያያዛል። አራት ሳምንት የተሞላ ገጽ ከረዥም ገለጻ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያወጡት 13 ጥያቄ ያለው መጠይቅም አለ፤ ከ80 ነጥብ 50ና ከዚያ በላይ ያገኘ ውሻ በሽታው እንዳለበት ይቆጠራል።

ሐኪሙን ሽንትና ደም እንዲመረምር፣ መገጣጠሚያዎቹንና ጥርሱን እንዲያይ መጠየቅ ያስፈልጋል። መርሳት ነው የሚባለው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው።

ግቢውን ማስተካከል

ከመድኃኒት ይልቅ አብዛኛውን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ክፍል ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

በሰንሰለት ላይ ያለን አቋም ግልጽ ነው። መርሳት የጀመረ ውሻ በምሰሶ ወይም በዛፍ ላይ መታሰር የለበትም። የበሽታው ዋና ጠባይ ዙረት ነው፤ በአንድ አቅጣጫ እየዞረ ሰንሰለቱን ምሰሶው ላይ ይጠቀልለዋል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መፍታት ግን አያስታውስም። አንገቱ ተጣብቆ ሊታነቅ፣ ወይም ከውኃውና ከጥላው ርቆ እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ ሊቃጠል ይችላል። ጤናማ ውሻ ጥላው ሲዞር ተከትሎ ይዞራል፤ ይህኛው ፀሐይ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ቦታ ካለ 3 በ4 ሜትር የሚሆን ቦታ በሽቦ ማጠር ይሻላል። አራቱን ማዕዘኖች በሰያፍ ጣውላ ወይም በአሮጌ በርሜል መድፈን አይዘንጋ፤ ማዕዘን ላይ አፍንጫውን ደግፎ ለሰዓታት የሚቆም ውሻ መዞሪያ ሲያገኝ መንገዱን ይቀጥላል። ማጠር የማይቻል ከሆነ በሁለት ምሰሶዎች መካከል 8 ሜትር ያህል ሽቦ ከሰው ቁመት በላይ ወጥሮ፣ ሰንሰለቱን በሚንሸራተት ቀለበት ማያያዝ ይቻላል። ቀለበቱ ከእያንዳንዱ ምሰሶ ከሰንሰለቱ መድረሻ ርቀት ውጭ እንዲቆም ሽቦው ላይ ማገጃ ይታሰራል፤ ማገጃው ከሌለ ምሰሶው ላይ መጠቅለሉ አይቀርም። ሰንሰለቱም ውሻው ሲተኛ አንገቱን የማይስብ ርዝመት ይኑረው።

የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን፣ ያልተከደነ የውኃ ጉድጓድ፣ በክረምት የሚሞላ ቦይ፣ ከሥር የተቦረቦረ የቆርቆሮ አጥር፣ እነዚህን በአንድ ቀን ዞሮ ማየት ነው። የግቢ በር በዓል ሲሆን ክፍት ይውላል። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ከተማው በእንግዳ ሲጨናነቅ፣ ወይም ፊቼ ጫምባላላ ሲከበር፣ መንገድ የጠፋበት ውሻ ወጥቶ ባጃጅ መካከል ይገባል። በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ማስወገድም ሲሠራበት የቆየ አሠራር ነው፤ የመርዙ ሥጋ ባለቤት ያለውን ከሌለው አይለይም። በአንገት ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥር በማይጠፋ ቀለም መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቤት ውስጥ የሚያድር ከሆነ ጠላቱ ሴራሚክ ነው። ያረጀ ውሻ እግሩ ሲከፈትበት ይፈራል፣ ከፈራ ደግሞ ከቦታው አይነሳም፣ ካልተነሳም ባለበት ይሸናል። ከመኝታው እስከ በሩ በጆንያ ወይም በጎማ ምንጣፍ መንገድ ማበጀት ይበቃል፤ ጠርዙ እንዳይታጠፍ ይጣበቅ። ሳህኑ፣ ውኃውና መኝታው ቦታቸው አይቀየር። ሶፋ ለማዘዋወር ያሰበ ቤተሰብም ቢተወው ይሻላል። በማታ ትንሽ የማይጠፋ መብራት ያስፈልጋል፤ መብራት ስለሚሄድ በፀሐይ የሚሞላ አምፖል ይመረጣል። ሽንቱ በሳሙና ውኃ ከታጠበ በኋላ በእኩል ውኃ በተበረዘ አቼቶ ይታጠባል። በረኪና ግን ቀጥታ ሽንት ላይ አይፈስም፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ተዋህዶ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

ቀኑን መምራት

የሌሊቱ ጩኸት የሚፈታው በአብዛኛው በቀን ነው። ውሻው ቀን ከተኛ ሌሊት ይነቃል፤ ስለዚህ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ እየሞቀ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መራመድ፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገደማ ደግሞ ይህንኑ መድገም ያስፈልገዋል። መንገዱ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ማሽተት ሲፈልግ ይቁም፤ ማሽተት ለደከመ አንጎል ትልቅ ሥራ ነው። የሐይቁ ዳርቻ ለዚህ ይመቻል፤ ሲመሽ ግን ቄጠማ ወዳለበት መጠጋት አያስፈልግም፣ ጉማሬ ይወጣልና። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ከ15,000 በላይ ውሾችን የዳሰሰ ጥናት፣ በተመሳሳይ ዕድሜና የጤና ሁኔታ ላይ ካሉ ውሾች መካከል የማይንቀሳቀሱት በጣም ከሚንቀሳቀሱት በ6 እጥፍ ተኩል ገደማ የበለጠ የመርሳት ዕድል እንደታየባቸው አግኝቷል። የታመመም ውሻ መንቀሳቀስ ስለሚያቆም ይህ ቁጥር ምክንያቱንና ውጤቱን አይለይም። ቢሆንም ዕድሜውን ሙሉ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ ለኖረ የግቢ ውሻ ነገሩ ሊያሳስበን ይገባል።

ቢግል በሚባል ዝርያ ባረጁ ውሾች ላይ ለሁለት ዓመት የተደረገ ሙከራም አለ። አንዱ ቡድን የተሻለ ምግብ፣ ሌላው እንቅስቃሴና ጨዋታ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም፣ አራተኛው ምንም ሳያገኝ ተነጻጽረዋል፤ የመማር ችሎታቸውን ከሁሉ በላይ የጠበቁት ሁለቱንም ያገኙት ነበሩ። ጨዋታ ሲባል ውድ ዕቃ አይደለም። በሦስት ኩባያ ከተደፉት አንዱ ሥር ቁራጭ ሥጋ መደበቅ፣ ወይም ምግቡን በጆንያ እጥፋት ውስጥ በትኖ እንዲፈልገው ማድረግ፣ በቀን ሁለቴ ለአምስት ደቂቃ ይበቃል። ካቃተው ኩባያውን ወደ አንድ መቀነስ ነው፤ መሸነፍ ያስጨንቀዋል።

በየሦስትና አራት ሰዓቱ ወደ መሽኛው ቦታ ይወሰዳል፣ የመጨረሻው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ። ሌሊት ከጮኸ መቆጣትም ዱላም ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ቀርቦ በለሆሳስ መናገር፣ ከፊት ለፊቱ መምጣት፣ ሽንት መሆኑን ማየት፣ መልሶ ማስተኛት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይህኛው ጠላት አይቶ ሳይሆን ራሱ ጠፍቶበት ነው የሚጮኸው። ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገርም የእንክብካቤው አካል ነው፤ "ታሟል፣ ክትባቱም አለ፣ ካርዱ ይኸው" የተባለ ጎረቤት ድንጋይ አያነሳም።

ምግብና መድኃኒት

ምግቡ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተከፋፍሎ፣ ለብ ብሎ ይሰጥ፤ ሙቀቱ ሽታውን ስለሚያወጣ የደከመ አፍንጫ ያገኘዋል። በሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲፋቅ አባ ኮዳ ለሚባለው ትልቅ ወፍ የሚጣለው ጭንቅላትና አከርካሪ ለውሻው ጥሩ መረቅ ይሆናል፤ ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው ለ30 ደቂቃ ቀቅሎ፣ በወንፊት አጥልሎ፣ አጥንቱን በሙሉ ጥሎ፣ መረቁን በሩዝ ወይም በእንጀራ ላይ ማፍሰስ ነው። የተቀቀለ አጥንት ስለሚሰነጠቅ በምንም መልኩ አይሰጥ። ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን አንድ የተቀቀለ እንቁላልና እፍኝ የሚሆን አጥንት የሌለው ዓሣ ወይም ሥጋ ቢጨመር መልካም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የቤቱ ትርፍራፊ ሥጋ አልባ ይሆናል፤ ጾመኛ ቤተሰብም ቢሆን ለዚህ ውሻ ለብቻው ሊቀቅልለት ይገባል። ያለበለዚያ የጀርባ ጡንቻው ሲሟሽሽ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ክብደቱን በሰው ሚዛን ላይ ታቅፎ ቆሞ፣ የራስን ክብደት ቀንሶ፣ በየሁለት ሳምንቱ መመዝገብ ነው። ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ካጣ ሐኪም ማየት አለበት። የኮኮናት ዘይት መድኃኒት ነው የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አሳስቷል። ውሻን እንደረዳ የታየው መካከለኛ ሰንሰለት ያለው የተለየ ስብ ነው፤ የኮኮናት ዘይት ከዚያ ያለው ጥቂቱን ነው፣ ብዙ ዘይት ደግሞ ቆሽት ያቆስላል።

ለውሾች የመርሳት በሽታ በአሜሪካ የተፈቀደው መድኃኒት ሰለጂሊን ይባላል፤ ለሰው ፓርኪንሰን በሽታም ይሰጣል። መጠኑ በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ ጠዋት ሲሆን ውጤቱ ለመታየት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈልጋል። ሐኪም ሳያዝ የሚጀመር አይደለም፤ ከሕመም ማስታገሻው ትራማዶል፣ ከድብርት መድኃኒቶቹ ከፍሎክሰቲንና ከአሚትሪፕቲሊን ጋር አብሮ ሲሰጥ አደገኛ ነው። በከብት መዥገር ማጠቢያነት የሚታወቀው አሚትራዝም ከሰለጂሊን ጋር አብሮ መሰጠት የለበትም። ውሻውን በአሚትራዝ ያጠበ ሰው ሰለጂሊን ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ስለ ሕመም ማስታገሻ ደግሞ ጠንከር ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ኪኒን ልትገድላት ትችላለች። የሰው ማስተኛ ኪኒን ግራ መጋባቱን ሊያባብሰው ይችላል። ሐኪሙ በክብደቱ ልክ የሚያዘው የውሻ ማስታገሻ ሲጀመር ግን "አረጀ" የተባለው ውሻ ሌሊት ተኝቶ ማደር የሚጀምርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ድመቶችን በተመለከተ አብዛኛው ይኸው ነው። ልዩነቱ ሌሊት የሚጮኹት ረዥምና የተጎተተ ጩኸት መሆኑ፣ ከጀርባውም ብዙ ጊዜ የታይሮይድ መብዛት ወይም የደም ግፊት መኖሩ ነው። የምትጸዳዳበት የአሸዋ ዕቃ ጠርዝ ከ8 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ይሁን፣ ለአንድ ድመትም ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

መቼ ይበቃል

በሽታው አይድንም፤ ይዘገያል። የመብላት ፍላጎቱ ሲጠፋ፣ በራሱ ሽንት ላይ ተኝቶ መነሳት ሲያቅተው፣ ከሰባት ቀን አራቱ በጭንቀት የሚያልፉ ሲሆን፣ በደብተሩ ላይ የተጻፈው ነጥብ ራሱ ይናገራል። ያን ጊዜ በሐኪም እጅ ያለ ስቃይ ማሳረፍ ጭካኔ አይደለም። ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ "መጀመሪያ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል ወይ?" ውሻው ሙሉ በሙሉ ራሱን ሳይስት ልብ የሚያቆም መርፌ የሚወጋ ከሆነ መፍቀድ አይገባም። መርዝ ማብላትማ ፈጽሞ አይታሰብም።

ቀብሩ ከውኃ ጉድጓድ የራቀ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር የጠለቀ ይሁን። በሐይቁ አቅራቢያ የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ በሆነባቸው ሰፈሮች ጉድጓዱ ውኃ ካፈለቀ ከፍ ወዳለ ቦታ መሄድ ነው። ለማሳረፍ ፔንቶባርቢታል የሚባለው መድኃኒት ከተወጋ ሬሳው ውስጥ ሳይበላሽ ስለሚቆይ፣ ሜዳ ላይ ከተጣለ የበላውን አሞራ፣ አባ ኮዳና ጅብ ይገድላል። ስለዚህ አፈር ከመልበሱ በፊት ከላይ ድንጋይ ይደረደርበታል።